የቀለበቱ አሠራር ያገባናል

ጽሑፉን መጀመሪያ የላከልኝ የእህቴ ባል ነው። «ይሄ ያንተ ሙያ አይደል እንዴ?» የምትል አንዲት መስመር ጨምሮበታል። በማግስቱ ሁለት ተማሪዎቼ ላኩልኝ። በሦስተኛው ቀን አራት ኪሎ ከማዘወትራት ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ስጠብቅ፣ ከጎኔ ያሉ ሁለት ሰዎች ያንኑ ጽሑፍ ከስልክ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። «እውነቱን እኮ ነው!» አለ አንደኛው። ዝም ማለት ከበደኝ።

ላላነበባችሁት ጭብጡ ይህ ነው። ጸሐፊው የሚነሱት በኬሚስትሪ ሄትሮሳይክል ስለሚባሉት ባለ ቀለበት ውህዶች ዘመናዊ አሠራር የማስተርስ ጥናት ሠርቶ፣ ተመርቆ፣ ሥራ ካጣ አንድ ወጣት ነው። ከዚያ ወደ ክርክራቸው ይገባሉ። ይህ ሙያ ጀርመኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጨረሱት ነው፤ ዛሬ የሚታተመው ለማዕረግ የሚጻፍ ወረቀት ነው ይላሉ። አዲስ የሚባሉት ዘዴዎች ደግሞ የሀብታም አገር መጫወቻ ናቸው፤ ፓላዲየም የሚባለውን ውድ ብረት የሚገዛ ዶላር የለንም። ቀጥለው፣ ሞለኪውል ሞለኪውል ነው፣ ኪኒኑን ከውጭ ገዝተን እስከዋጥን ድረስ እንዴት እንደተሠራ ምን አገባን ብለው ይጠይቃሉ። «አረንጓዴ ኬሚስትሪ» የሚባለውን፣ ቆሻሻና መርዝ የሚቀንሰውን አሠራርም የማስታወቂያ ቀለም ይሉታል። መዝጊያቸው የአገራችን ዕፅዋት እያሉልን የላብራቶሪ ውጤት ምን ያደርግልናል፣ የተፈጥሮው ይሻላል የሚል ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ብዕር አለው። ስለ ወጣቱ ያሉትም እውነት ነው፤ እንደሱ ያሉ ልጆች በስም አውቃለሁ። ግን ከትክክለኛ ቁጭት ተነስተው የተሳሳተ ቦታ ደርሰዋል።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። አምስት ወይም ስድስት ካርቦኖች እንደ ማኅበርተኛ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ ተነስቶ በቦታው ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን ወይም ሰልፈር ሲቀመጥ ቀለበቱ ሄትሮሳይክል ይባላል። ሄትሮ በግሪክ «ሌላ» ማለት ነው። ያ አንድ እንግዳ የጨዋታውን መልክ ይቀይረዋል። ከውሃ ጋር ይግባባል፣ ሰውነታችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይያያዛል። የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ በእነዚህ ቀለበቶች የተሞላው ለዚህ ነው። ለአሜባ የምንወስደው ሜትሮኒዳዞል፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ ለደም ግፊት አምሎዲፒን፣ ለቲቢ አይሶናያዚድ፣ ሁሉም ይሄው ናቸው። በ2014 የታተመ አንድ ቆጠራ እንዳሳየው፣ አሜሪካ ውስጥ ከጸደቁት ትንንሽ ሞለኪውል መድኃኒቶች 59 በመቶዎቹ ናይትሮጅን ያለበት ቀለበት አላቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እሺ፣ «ጀርመኖች ጨርሰውታል» ወደሚለው እንምጣ። ግማሹን እቀበላለሁ። ሃንች የተባለው ጀርመናዊ በ1881 ያወጣው ዘዴ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ አምሎዲፒን የሚሠራው በዚያው ዘር ባለ ዘዴ ነው። አያቶቻችን ሳይወለዱ የተገኘ ሪአክሽን ዛሬ የእናቶቻችንን ደም ግፊት ያወርዳል። ደስ ይላል እንጂ አያሳፍርም። ደግሞ ሁሉንም ለጀርመን አንስጥ። ቢጂኔሊ ጣሊያናዊ ነው። በ1891 ሦስት ነገሮችን አንድ ዕቃ ውስጥ አፍልቶ ቀለበት ሠራ። ከሦስቱ አንዱ ዩሪያ ነው። አዎ፣ ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ። ይህ ሪአክሽን ለረጅም ጊዜ የመማሪያ መጽሐፍ ጌጥ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በ1999 ከዚሁ የቀለበት ቤተሰብ ሞናስትሮል የተባለ ውህድ ወጣ። ሴል ሲከፈል የሚያስፈልገውን አንድ ሞተር ፕሮቲን ነጥሎ ያስቆማል። 108 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። እና ተጨርሶ ነበር?

ስለ «ለማዕረግ የሚጻፍ ወረቀት» ደግሞ አንድ ታሪክ አለኝ። አይሶናያዚድ ፕራግ ውስጥ የተሠራው በ1912 ነው። ማየርና ማሊ ናቸው የሠሩት፤ ለዶክትሬት ጥናት። ለምን እንደሚጠቅም የጠየቀ አልነበረም። ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ 40 ዓመት ተኛ። በ1952 ቲቢን እንደሚገድል ታወቀ። በዚህ ከተማ ስንት ሰው በዚያ ኪኒን እንደዳነ እስቲ አስቡት። ጸሐፊው የሚያሾፉበት ዓይነት ወረቀት ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የሰሞኑ ነገር ነው። ሲያሚሺያንና ዴንሽቴት በ1881 አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ፒሮል የሚባለውን ባለ አምስት አቶም ቀለበት ከክሎሮፎርምና ከጠንካራ ቤዝ ጋር ሲያገናኙት፣ አንድ ካርቦን ሾልኮ ገብቶ ቀለበቱ ስድስት ሆነ። ምርቱ ግን ጥቂት ነበር፤ ሪአክሽኑም አስቸጋሪ። አንድ ምዕተ ዓመት ተኩል ሊሞላው ምንም ያህል ሳይቀረው፣ በ2021 ቺካጎ ያለው የሌቪን ቡድን ያንን ሐሳብ በሌላ መነሻ አስነሳው። አሁን የተሠራ ሞለኪውል ይወሰዳል፣ ቀለበቱ ውስጥ አንድ ካርቦን ይገባል፣ ሌላው አካሉ እንዳለ ይቀራል። በሌላ ዘዴ ደግሞ ናይትሮጅን ተነቅሎ ይወጣል። ድሮ እንዲህ ያለ ለውጥ ቢፈለግ ከመሠረቱ እንደገና መጀመር ነበር። ይህኛው ቤቱን ሳያፈርሱ አንድ ክፍል እንደ መቀጠል ነው። ፒያሳ ለኖረ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ወደ ዶላሩ። እዚህ ጸሐፊው የተናገሩት ብዙ እውነት አለው። ፓላዲየም ከወርቅ የተወደደበት ጊዜ ነበር። የሠራኸውን ነገር ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ኤንኤምአር የሚባለው መሣሪያ ውድ ነው፤ ሲበላሽ ደግሞ የበለጠ ውድ ነው። አንድ ጊዜ ያዘዝነው ኬሚካል በስምንት ወሩ ደረሰ፤ ስንከፍተው ሌላ ነገር። ይህን ሁሉ አልክድም።

ግን አዲስ ማለት ውድ ማለት ነው ያለው ማነው? ስለ ክሊክ ኬሚስትሪ ትንሽ ላውራ፤ ጽሑፉ ሳይጠራው ያለፈው ትልቁ ነገር ይህ ነው። አዛይድና አልካይን የሚባሉ ሁለት ዓይነት ውህዶች ሲጋጠሙ ሦስት ናይትሮጅን ያለው ቀለበት ይሠራሉ። ትራያዞል ይባላል። ይህን በ1960ዎቹ በደንብ ያጠናው ሂውስገን ነው፤ ይኸው ጀርመናዊ፣ ለጸሐፊው አንድ ነጥብ። ችግሩ ለሰዓታት ማሞቅ ያስፈልጋል፤ የሚወጣውም የሁለት መንታ ውህዶች ድብልቅ ነው። መለየቱ ራስ ምታት ነው። በ2002 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ አሜሪካ ከሻርፕለስ ጋር፣ ሌላው ዴንማርክ ከሜልዳል ጋር፣ ሳይነጋገሩ ያንኑ መልስ አገኙ። ጥቂት መዳብ ጨምርበት። በቃ። ሙቀቱ ቀረ፣ ከመንታዎቹ አንዱ ብቻ ይወጣል። በ2022 ሻርፕለስና ሜልዳል ከሌላዋ ኬሚስት ከቤርቶዚ ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

አሁን ዕቃውን እንቁጠር። መዳቡ ከኮፐር ሰልፌት ይመጣል፤ ተማሪ ሆነን ክሪስታል ያሳደግንበት ያ ሰማያዊ ጨው ነው። መዳቡን ለሥራ የሚያዘጋጀው ሶዲየም አስኮርቤት ነው፤ የቫይታሚን ሲ ጨው። የሚሠራው በውሃና በአልኮል ድብልቅ፣ በክፍል ሙቀት ነው። ፓላዲየም የታለ?

ያ በስምንት ወሩ የደረሰው የተሳሳተ ዕቃም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሶዲየም አስኮርቤት አዘን አስኮርቢክ አሲድ ነበር የመጣው። ተማሪዎቼ ሊያለቅሱ ደረሱ። ከዚያ አንዷ «ባይካርቦኔት ብንጨምርበትስ?» አለች። ጨመርን። አረፋው ሲያበቃ የምንፈልገው ጨው ተሠርቷል። ሪአክሽኑ በዚያው ከሰዓት አለቀ። እርግጥ አዛይድ መርዝ ነው፤ ባልተጠነቀቀ እጅ የሚፈነዳም አለ። መማሪያ ላብራቶሪ ውስጥ የሚገባው በጥንቃቄ ነው። ግን ጥንቃቄ የሚገዛው በዶላር ሳይሆን በማስተማር ነው።

ማይክሮዌቭስ? በ1986 በማይክሮዌቭ ኦርጋኒክ ሪአክሽን መሥራት እንደሚቻል ያሳዩት ሁለት ቡድኖች የተጠቀሙት ተራውን የወጥ ቤት ማይክሮዌቭ ነው። (እባካችሁ ቤት አትሞክሩት። ፈንድቶባቸዋል። ዛሬ ለዚህ የተሠራ ሌላ መሣሪያ አለ።)

ፓላዲየም ራሱም ቢሆን እንደሚባለው አይደለም። ካታሊስት ነው፤ ያጋባል እንጂ አብሮ አይጋባም። ከመቶ ሞለኪውል አንድ ወይም ከዚያ በታች ይበቃል። ለደም ግፊት የሚታዘዘውን ሎሳርታን የመጀመሪያው አምራች በሰፊው ሲያመርተው ሁለቱን ግማሾች ያገናኘው በፓላዲየም ነው፤ ሱዙኪ በሚባለውና በ2010 ኖቤል ባስገኘው ዘዴ። ሎሳርታን ዛሬ የሀብታም ኪኒን አይደለም።

ጽሑፉ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ሦስተኛው ነጥብ ነው። «ኪኒኑን እስከዋጥን ድረስ እንዴት እንደተሠራ ምን አገባን?» ካፌ ውስጥ «እውነቱን እኮ ነው» የተባለውም ለዚህ ነበር። ቫልሳርታን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቫልሳርታን የሎሳርታን የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ቴትራዞል የሚባል ቀለበት አላቸው፤ አራት ናይትሮጅንና አንድ ካርቦን። ይህ ቀለበት የሚሠራው በአዛይድ ነው። አንድ ትልቅ አምራች ምርቱን ለማሻሻል ብሎ አሠራሩን ቀየረ። አሟሚው ዲኤምኤፍ የሚባል ፈሳሽ ሆነ። ቀለበቱ ከተሠራ በኋላ የተረፈው አዛይድ አደገኛ ስለሆነ መጥፋት አለበት፤ ያጠፉት ናይትራይት በሚባል ጨው ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ግን ዲኤምኤፍ ትንሽ ሲበሰብስ ዳይሜትልአሚን የተባለ ነገር ይወጣዋል። ያ ከናይትራይቱ ጋር ሲገናኝ ኤንዲኤምኤ ይሆናል። ኤንዲኤምኤ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚፈራ ነገር ነው። በ2018 ጉዳዩ ሲታወቅ መድኃኒቱ ከብዙ አገሮች ገበያ ተሰበሰበ።

ልብ በሉ። ቫልሳርታኑ ራሱ ትክክለኛ ቫልሳርታን ነበር። «ሞለኪውል ሞለኪውል ነው» የሚለው ፈተና ቢሰጠው ያልፋል። ችግሩ ያለው በአሠራሩ ነው፤ አብሮ የመጣው እንግዳ የተወለደው ከመንገዱ ነው። የተለመደው የጥራት ምርመራ ደግሞ ያላሰበውን አይፈልግም። ምን መፈለግ እንዳለበት የሚገምተው መንገዱን የሚያውቅ ኬሚስት ነው።

እንግዲህ ትልቅ መድኃኒት አምራች አገር ባንሆንም ገዢ ነን። ገዢ የሆነ አገር ወረቀት አንብቦ «ይሄ አሟሚ ከዚህ ጨው ጋር ምን ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል። መርካቶ በርበሬ የምትገዛ እናት እንኳ ከምን ጋር እንደተፈጨ ትጠይቅ የለ?

ስለ አረንጓዴው ቀለም ብዙ አልልም። ማስታወቂያ የሆነበት ቦታ አለ፤ ተስማምተናል። በአንድ ሪአክሽን ውሃ ስለተጠቀመ ብቻ «አረንጓዴ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እኔንም ያናድደኛል፤ በተለይ መጨረሻ ላይ ለማጣራት ሄክሴን የሚባለውን የነዳጅ አሟሚ ሊትር ሙሉ ከደፋበት። ግን ሲታግሊፕቲንን ተመልከቱ፤ ለስኳር በሽታ የሚሰጠውን። ድሮ አንዱ እርምጃው ሮዲየም የሚባል ውድ ብረትና ከፍተኛ ግፊት ያለው ሃይድሮጅን ይፈልግ ነበር። በ2010 በተሻሻለ ኢንዛይም ተተካ። ቆሻሻው 19 በመቶ ቀነሰ፣ ምርቱም ጨመረ። ለፋብሪካው ይህ ገንዘብ ነው። ለማስታወቂያ ብቻ ይህን የሚያደርግ የለም።

የቀረው የዕፅዋቱ ነገር ነው። በቅድሚያ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሦስተኛው ነጥብ ሞለኪውል ከየትም ቢመጣ አንድ ነው ይላል። አምስተኛው የተፈጥሮው ይሻላል ይላል። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ እንዴት አብረው ያድራሉ? ፊሸር በ1895 ካፌይንን ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራ፣ ከቡና ከሚወጣው ጋር አንድ ነበር። በአቶም እንኳ አይለይም።

ደግሞ ተፈጥሮና ሠራሽ የሚለው አጥር ቡና ማፍያ ጋ ሲደርስ ይፈርሳል። ጥሬ ቡና ያን ሽታ የለውም። ምጣዱ ላይ ሲወጣ ስኳሩና አሚኖ አሲዱ በሙቀት ይዋሃዳሉ፤ ፒራዚን፣ ፉራን እና ሌሎችም ይሠራሉ። ሁሉም ሄትሮሳይክል ናቸው። ባለቤትየዋ ጭሱን እያዞረች ስታሸትተን የሸተትነው የራሷ እጅ የሠራውን ነው። ላብራቶሪዋ ከሰል ላይ ነው፤ ልዩነቱ ይሄ ብቻ።

ጸሐፊው ጤና አዳምንም አንስተዋል፣ «ማንንም ጎድቶ አያውቅም» ብለው። እኔም ቡናዬ ላይ እወደዋለሁ። ግን ቅጠሉ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ቀለበቶች አሉ። ቅጠሉን በእጁ ጨምቆ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ቆዳው ሊያብጥና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ተፈጥሮ ነው፣ ሄትሮሳይክልም ነው፣ ይጎዳልም። ከሠራሹ ወገን ለነፍሰ ጡሮች ተሰጥቶ ብዙ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ እንዲወለዱ ያደረገውን ታሊዶማይድን ቢጠሩብኝ መልስ የለኝም፤ አዎ፣ ትልቅ ጥፋት ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ከየት መጣ ሳይሆን ምን ያደርጋል ነው።

እንዶድን ማንሳታቸው ግን ደስ ብሎኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣው ነው። ከዚያ የተነሳው ምርምር የሁላችንም ኩራት ነው። ነገር ግን እንዶድ የሚገድለው ወንዝ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ነው። ልጁ ሆድ ውስጥ ለገባው ትል ሌላ ነገር ያስፈልጋል። እሱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ናይትሮጅን ያለባቸው ቀለበቶች ተደራርበው የተሠሩበት፣ ከየትም ቅጠል የማይለቀም።

ፕራዚኳንቴል የተቸገረበት ነገር አለ። እንደ ግራና ቀኝ እጅ የሚመሳሰሉ ሁለት መልኮች አሉት። በተለመደው አሠራር ሁለቱ እኩል በእኩል ሆነው ይወጣሉ። ትሉን የሚገድለው አንደኛው ብቻ ነው። ሌላው ምንም አይሠራም፤ ይባስ ብሎ ከሁለቱ በጣም የሚመረው እሱ ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በኪሎ 40 ሚሊግራም ሲሰጠው 1,200 ሚሊግራም ይውጣል። 600ው ለሥራ፣ 600ው ለምሬት። ትምህርት ቤት መድኃኒቱ ሲታደል ኪኒኑ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያየ ሰው ልጆቹ ለምን እንደሚተፉት ይገባዋል።

መፍትሔው ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ዶምሊንግ የተባለ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር በ2010 ይህን ሞለኪውል በአጭር መንገድ ሠራው፤ መጀመሪያ በ1959 በወጣው የኡጊ ሪአክሽን አራት ነገሮችን ባንድ ጊዜ አጋጥሞ፣ ከዚያ በ1911 በወጣው የፒክቴት ስፔንግለር ሪአክሽን ቀለበቱን ዘግቶ። ሁለት የቆዩ ዘዴዎች በአዲስ አቀማመጥ። በወቅቱ አውስትራሊያ የነበረው የቶድ ቡድን ደግሞ ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ በግልጽ ለጠፈ፤ ማስታወሻ ደብተሩን ለማንም ክፍት አደረገ። በ2011 ሁለቱን መልኮች የሚለይ ርካሽ ዘዴ ታተመ፤ የተጠቀሙት በወይን ውስጥ ከሚገኘው ታርታሪክ አሲድ የተሠራ ነገር ነው። በታኅሣሥ 2023 የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለሕፃናት የተዘጋጀውን፣ የሚሠራውን መልክ ብቻ የያዘውን ኪኒን ደገፈ። ከሦስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ነው።

ጸሐፊው ያ ሥራ ያጣው ወጣት ጥናቱን በምን ላይ እንደሠራ አልነገሩንም። «ስለ ሄትሮሳይክል» ብለው አልፈውታል። ከዚህ ጽሑፍ ጋር ከደረሳቸው አንድ ነገር እንዲጠይቁልኝ እፈልጋለሁ። የትኛውን ቀለበት ነበር የሠራው? በምን አሠራር?